ያልተለመደ ሙቀት፣ የወቅት ትንበያና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዝግጅት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ምክንያት በሳንሱሲ በተካሄደው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)





 በምሥረታ በዓል ቀን ስለ ማኅበሩ እድገት መስማት የተለመደ ነው። ስለ አባላቱ ብዛት፣ ስለ ካፒታሉና ስለ መጋዘኑ በሪፖርቱ በሚገባ ተነግሯል። እኔ የተጋበዝሁት ግን በሪፖርቱ ውስጥ የራሱ አምድ ስለሌለው ነገር እንድናገር ነው፤ እርሱም የአየሩ ሙቀት ነው። ሙቀት በደረሰኝ የሚከፈል ወጪ አይደለም። ይሁን እንጂ በነቀዘ እህል፣ በበሰበሰ የዘር ድንች፣ በተበላሸ ወተትና በጠወለገ ቡቃያ መልክ ከገበሬውና ከማኅበሩ ሒሳብ ላይ ይቀነሳል።

የተሰበሰብንበት ሳንሱሲ ለዚህ ውይይት ተስማሚ ቦታ ነው። ከዚህ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አስፋልት ቡራዩን፣ ገፈርሳንና መናገሻን አልፎ ሆለታ፣ ከዚያም ጊንጪና አምቦ ይደርሳል። የደጋው ወተት፣ ድንች፣ ጤፍ፣ ገብስና ጭድ ወደ አዲስ አበባ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይህ ነው። በአንድ በኩል እንጦጦ፣ በሌላው በኩል ወጨጫ የሚታየን ሰዎች በመሆናችን ሙቀት የቆላው ወገናችን ችግር እንጂ የእኛ ሆኖ አልታየንም። ይህ አስተሳሰብ ከእንግዲህ እንደማያዋጣን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሙቀቱ እንዴት ይመጣል?

በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ አከፋፈል መሠረት ዓመቱ 3 ወቅቶች አሉት። እነርሱም ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ናቸው። በመካከለኛው ደጋ ቀኑ በጣም የሚሞቀው በበልግ ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ፀሐይ ወደ አናታችን ትቀርባለች፤ ሰማዩም ገና በክረምት ደመና አልተሸፈነም።

የበልጉ ዝናብ በጊዜው ከመጣ ሙቀቱን ይሰብረዋል። ዝናቡ ከዘገየ ወይም ከቀረ ግን መሬቱ ይደርቃል። መሬቱ እርጥብ በሆነ ጊዜ ከፀሐዩ ጉልበት አብዛኛው ውኃውን በማትነን ላይ ይውላል። መሬቱ ሲደርቅ ያው ጉልበት አፈሩንና አየሩን ወደ ማሞቅ ይዞራል። በመሆኑም ድርቅ ሙቀትን ይወልዳል፣ ሙቀትም በተራው ድርቁን ያብሰዋል። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ሊሸከመው የሚችለው የውኃ እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህም ማለት ሞቃት አየር ከማሳችን፣ ከምንጩና ከኩሬው አብዝቶ ይጠጣል ማለት ነው። የጠጣውንም በአንድ ጊዜ ሲያወርደው ጎርፍና በረዶ ይሆናል።

ይህ በየዓመቱ የሚመላለሰው ሙቀት ነው። ከዚህ በታች ግን ቀስ ብሎ ከፍ እያለ የመጣ ሌላ ሙቀት አለ። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በተዘጋጀው የኢትዮጵያ የአየር ንብረት መግለጫ መሠረት የአገራችን አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ያኔ ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሰነድ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየ10 ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ሲል እንደቆየ ገልጿል። ከዚያም ወዲህ ነገሩ አልተመለሰም። በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መግለጫ መሠረት እ.ኤ.አ. 2024 በዓለም ላይ ልኬት ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ዓመት ነበር፤ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም፣ ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ በመሰጋቱ ትምህርት ቤቶችን እስከ መዝጋት ደርሳለች።

1.3 ዲግሪ ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በገበሬው ሚዛን እንመዝነው። ከቆላ ወደ ደጋ ስንወጣ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በ6.5 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀዘቅዝ ይታወቃል። በዚህ ስሌት 1.3 ዲግሪ ማለት 200 ሜትር ከፍታ ነው። በሌላ አነጋገር በ2,400 ሜትር ላይ ያለ የደጋ ማሳ አንድ ጋት ሳይንቀሳቀስ የ2,200 ሜትሩን የወይና ደጋ ሙቀት ያገኛል ማለት ነው። አኃዙ የአገር አማካይ ስለሆነ በየቦታው ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ቀድሞ በቆሎ በማይሞከርበት ደጋ ዛሬ በቆሎ የሚዘሩ ገበሬዎች ይህን ከማንኛውም ባለሙያ በፊት ተረድተውታል። ይህ ጥቅም ነው። ጥቅሙን ስንቀበል ግን ከበቆሎው ጋር ተባዩም አብሮት እንደሚወጣ መርሳት የለብንም።

ትንበያው ምን ይላል? ምንስ አይልም?

ስለ ሙቀትና ስለ ዝናብ የሚነግሩን ሁለት ዋና ምንጮች አሉ። አንደኛው በ2014 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚለውን ስያሜ ያገኘው የራሳችን መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ተቋም የ10 ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያዎችን ያወጣል። ሁለተኛው መቀመጫው በኬንያ የሆነው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል፣ በአጭሩ ኢክፓክ የሚባለው ነው። ማዕከሉ ለ11 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ቀጠናዊ ትንበያ ያዘጋጃል። ከ1990 ዓ.ም ጀምሮ የየአገሩ ባለሙያዎች ከየወቅቱ በፊት እየተገናኙ የጋራ ትንበያ ሲያወጡ ቆይተዋል።

የወቅት ትንበያ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» የሚሉ ቃላትን እንሰማለን። ትርጉማቸው እንደሚከተለው ነው። ያለፉትን 30 ዓመታት ከቀዝቃዛው እስከ ሞቃቱ በተራ እንደርድር። 10ሩ ቀዝቃዛ፣ 10ሩ መካከለኛ፣ 10ሩ ሞቃት ይሆናሉ። ምንም መረጃ ከሌለን የመጪው ወቅት ዕድል ለእያንዳንዱ ክፍል 33 በመቶ ነው። ትንበያው «ከመደበኛ በላይ የመሞቅ ዕድሉ 50 በመቶ ነው» ሲል፣ እንደዚህ ዓይነት ምልክት ከሚታይባቸው 10 ዓመታት 5ቱ ይሞቃሉ፣ 5ቱ ግን መካከለኛ ወይም ቀዝቃዛ ይሆናሉ ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ በየስብሰባው ይነሳል። «ትንበያው ይሆናል ያለው አልሆነም፤ ስለዚህ አይታመንም» ይባላል። ቅሬታው የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ትንበያው ወደ ቀበሌ ሲደርስ መቶኛው ተቆርጦ ይቀርና «ይሞቃል»፣ «ይዘንባል» የሚል ቃል ብቻ ይተርፋል። መቶኛው የተቆረጠበት ትንበያ ቃል ኪዳን ይመስላል፤ ቃል ኪዳን ሲፈርስ ደግሞ ገበሬው ይቀየማል። እህል የሚነግድ ሰው ዋጋው ይጨምራል ብሎ ሲገምት ያለውን ሁሉ እንደማያስቀምጥ ሁሉ፣ ትንበያንም መውሰድ ያለብን እንደ ዕድል ሚዛን ነው።

ሁለት ነገሮችን እጨምራለሁ። አንደኛ፣ የሙቀት ትንበያ ከዝናብ ትንበያ ይልቅ በአብዛኛው የተሻለ አስተማማኝ ነው፤ ሙቀት ሰፊ አገር በአንድነት ይሸፍናል፣ ዝናብ ግን በእንጦጦና በወጨጫ መካከል እንኳ ይለያያል። ሁለተኛ፣ «መደበኛ» የሚባለው ራሱ ተንቀሳቅሷል። በአሁኑ ጊዜ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለማነጻጸሪያ የሚያገለግለው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ አስቀድሞ የሞቀ ስለሆነ ዛሬ «መደበኛ» የተባለ ወቅት ለአያቶቻችን ሞቃት ነበር።

የኤልኒኖንም ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የመካከለኛውና የምሥራቁ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ ያሳያል። በ2007 ዓ.ም ክረምት የሆነው ይህ ነው። በተከታዩ በ2008 ዓ.ም መንግሥትና ረጂ ድርጅቶች የምግብ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል ያሉት ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በአንጻሩ በ1990 ዓ.ም መኸር ላይ ኤልኒኖ ያልተጠበቀ ዝናብ አምጥቶ በአጨዳ ላይ የነበረ እህል አበላሽቷል። ስለዚህ «ኤልኒኖ መጣ» የሚለው ወሬ ብቻውን አይበቃም፤ በየትኛው ወቅትና በየትኛው አካባቢ የሚለው ጥያቄ መከተል አለበት።

ጉዳቱ በየት በኩል ይገባል?

በመጀመሪያ በመጋዘን በኩል ነው። ነቀዝ በ27 እና በ30 ዲግሪ መካከል ባለ ሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ ለመራባት እስኪደርስ 5 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። በቀዝቃዛ አየር ግን እድገቱ በእጅጉ ይዘገያል። የደጋው ብርድ ያለ ክፍያ የሚያገለግለን የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ሌሊቱ ሲሞቅ ይህ ዘበኛ ሥራውን ይለቃል። ቆርቆሮው በቀን የሚግልና አየር የማያስወጣ መጋዘን ደግሞ ለነቀዙ ምቹ ቤት ይሆናል።

ሁለተኛው ድንች ነው። ሆለታ ለድንች ገበሬ ባለውለታ ናት፤ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች የወጡት ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ድንች ፍሬውን በደንብ የሚቋጥረው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለ አየር ሲሆን፣ በተለይ ሌሊቱ ሲሞቅ ቅጠሉ ያምርና ፍሬው ያንሳል። የተቀመጠው ዘርም በሙቀት ያለ ጊዜው ያጎነቁላል፣ ይጨማደዳል፣ በትልም ይጠቃል።

ሦስተኛው ቡቃያ ነው። የስንዴ አበባ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ፍሬ መያዙ ይቀንሳል። በደረቅና በሞቃት ጊዜ ክሽክሽ በገብስ ላይ ይበረታል። በ2009 ዓ.ም ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች በቀዝቃዛ አካባቢ 2 ወርና ከዚያ በላይ የሚፈጅበትን የሕይወት ዑደት በሞቃት አካባቢ በ1 ወር ገደማ ይጨርሳል። ከዚህም ሌላ በሚያዝያ ወይም በግንቦት አንድ ሁለት ጊዜ ዝናብ ይጥልና ገበሬው በቆሎውን ይዘራል፤ ዝናቡ ለ2 ሳምንት ተቋርጦ ሙቀቱ ሲበረታ የበቀለው ይጠፋል። አንዴ የጠፋ ዘር በዱቤ የተወሰደ ከሆነ እዳው ይቀራል።

አራተኛው ወተት ነው። ዲቃላ ላሞች፣ በተለይ የፈረንጅ ደማቸው ከፍ ያለው፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ መብላት ይቀንሳሉ፤ ወተታቸውም ይቀንሳል። ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም በሞቃት ቀን ከ60 ሊትር በላይ ውኃ ልትጠጣ ትችላለች። እዚህ ላይ የእኛ አገር የተለየ ችግር አለበት። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚውሉት በዚሁ በሞቃቱ ወቅት ነው። በጾም የወተት ገዢ ይቀንሳል፣ በሙቀት ደግሞ ወተቱ ቶሎ ይበላሻል። ሁለቱ በአንድ ወር ሲገጥሙ የማታውን ወተት ማቀዝቀዣ የሌለው አባል ሙሉውን ይከስራል።

አምስተኛው የሰው ጤና ነው። በደብረ ዘይት አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገበ የወባ መረጃን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት፣ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። በመኸር ጊዜ ወደ ቆላ ወርደው የሚሠሩ የአባላት ልጆች መኖራቸውን ለምታውቁ ለእናንተ ይህ የሥራ ጉልበት ጉዳይ ጭምር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ብዙዎቹ መፍትሔዎች የታወቁ ናቸው። እህልን በሚገባ አድርቆ ማስገባት፣ አየር የማያስገባውን ባለ 3 ድርብ ከረጢት መጠቀም፣ የዘር ድንችን ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ነገር ግን ብርሃን በሚገባበት የመደርደሪያ መጋዘን ማስቀመጥ፣ ለላሞች ጥላና ቀኑን ሙሉ የማይጎድል ውኃ ማዘጋጀት፣ በጾም ወራት ወተቱን ቅቤና አይብ አድርጎ ማቆየት ይቻላል። እነዚህን የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ያስተምራሉ። እኔ አጥብቄ ላነሳ የምወደው ግን ዩኒየኑ ብቻ ሊወስነው የሚችለውን ነው።

የክረምቱ ወቅት ትንበያ የሚወጣው በግንቦት ነው። የዘርና የማዳበሪያ ፍላጎት የሚሰበሰበውና ግዢው የሚፈጸመው ግን ከዚያ ወራት አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ትንበያው ሲደርስ ውሳኔው አልፏል። ባለሙያው «ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ዝሩ» ሲል ገበሬው «ከየት አምጥቼ?» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጉድለቱ ያለው በመካከል፣ ማለትም የመጠባበቂያ ዘር ባለመኖሩ ነው።

ለምሳሌ ጤፍን እንውሰድ። በ1998 ዓ.ም የተለቀቀው ቁንጮ በጥሩ ዓመት ብዙ የሚያስገኝ ዝርያ ነው። ጸደይና ቦሰት ደግሞ ቶሎ የሚደርሱ ናቸው። ዝናቡ ዘግይቶ ከገባ ወይም ቀድሞ ከወጣ የሚያድኑት ሁለተኞቹ ናቸው። ዩኒየኑ ከዘር ብዜት ማሳው ጥቂቱን በየዓመቱ ለቶሎ ደራሾቹ ቢመድብና በመጋዘን ቢያቆይ፣ በግንቦት ትንበያው ሲወጣ ለአባላቱ የሚያቀርበው አማራጭ ይኖረዋል። አባሉም መሬቱን ሁሉ በአንድ ዝርያ ከመሸፈን ይልቅ ከፋፍሎ ሊዘራ ይችላል።

ታዲያ ዓመቱ ጥሩ ሆኖ መጠባበቂያው ዘር ሳይፈለግ ቢቀርስ? ዘሩ እንደ እህል ይሸጣል፤ ኪሳራም ይኖራል። ብዙ ጊዜ ሥራ አስኪያጆች እንዲህ ዓይነቱን ውሳኔ የሚፈሩት በኦዲት ጊዜ ስለሚጠየቁበት ነው። ስለዚህ ይህ በአንድ ሥራ አስኪያጅ ትከሻ ላይ መጣል የለበትም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራት ከትርፋቸው መጠባበቂያ እንዲይዙ ያዝዛሉ፤ የበላዩ የውሳኔ አካልም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ጉባኤው «በዚህን ያህል ወጪ መጠባበቂያ ዘር እንይዛለን፤ ሳይፈለግ ቢቀር የሚመጣውን ኪሳራ በጋራ እንቀበላለን» ብሎ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር ሥራ አስኪያጁ በድፍረት ይሠራል። አንድ ገበሬ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን አደጋ ተከፋፍሎ መሸከም የኅብረት ሥራ ዋና ትርጉሙ ይህ ይመስለኛል።

ለሥራ ኃላፊዎቻችን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ትንበያው በደብዳቤ ወደ ወረዳ ይመጣል፤ አንዳንዴም ከመዝገብ ቤት ሳይወጣ ወቅቱ ያልፋል። የ10 ቀኑ ትንበያ በ15ኛው ቀን ቢደርስ ታሪክ እንጂ ትንበያ አይባልም። ስለዚህ ትንበያው በደረሰበት ዕለት፣ መቶኛው ሳይቆረጥ፣ ገበሬው በሚነጋገርበት ቋንቋ፣ በየማኅበሩ መደብር ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍና በስልክም የሚያሰማ አንድ ሰው በስም ይመደብ። የመንደሩ ሽማግሌዎችም ነፋሱን፣ ዛፉንና የከብቱን ጠባይ አይተው የሚሉት አለና በአንድ ላይ ይመከርበት።

በመጨረሻም እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ የዝናብ መለኪያና አንድ የሙቀት መለኪያ እንዲኖረው እመክራለሁ። የሙቀት መለኪያው በመጋዘኑ ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ መሰቀል የለበትም፤ ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ዝናቡ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይለካ። ሁሉም በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ለዚህ የማኅበሩ ጸሐፊ ወይም በአቅራቢያው ያለ ትምህርት ቤት ተማሪ ይበቃል። ከ10 ዓመት በኋላ ቀጠናው ሞቋል ሲባል፣ የእኛስ ማሳ ምን ያህል ሞቀ የሚለውን ከራሳችን መዝገብ እንመልሳለን። የሰብል መድን የሚሸጥልን ድርጅት ቢመጣም የምንከራከርበት ማስረጃ በእጃችን ይኖራል።

የተከበራችሁ አባላት፣

ሙቀቱን ማስቆም በእኛ አቅም አይደለም። ሙቀቱ ሳያስበን እንዳያገኘን ማድረግ ግን በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ ይህ ጉባኤ ከመበተኑ በፊት ሁለት ነገር እንዲወስን በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለመጠባበቂያ ዘር የሚሆን በጀት በቃለ ጉባኤ እንዲጸድቅ፤ ሁለተኛ፣ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ትንበያ የሚቀበልና የአየሩን ልኬት የሚመዘግብ ሰው ዛሬውኑ እንዲሰየም። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ሪፖርት ላይ ከእህሉና ከወተቱ አምድ ጎን አንድ የሙቀትና የዝናብ አምድ ተጨምሮ ለማየት ያብቃን።